በረዶ የረገጥኩበት ቀን፦ የቧሂት ማለፊያ ትዝታ

ሙቀቱንና አቧራውን እንዴት ይዛችሁታል? እኔ ዛሬ ትንሽ ብርድ ላምጣላችሁ ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ክፍል ውስጥ ስለ ኬንያ ተራራ እያስተማርኩ ነበር። ከፍታው 5,199 ሜትር፣ በአፍሪካ ከኪሊማንጃሮ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ አናቱ ላይ በረዶ ያለው። እንደምታውቁት የምናስተምረው በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ስለሆነ ልጆቻችን የኬንያን ተራሮች ከነቁመታቸው ይሸመድዳሉ። ጥሩ ነው፤ የሚኖሩበትን አገር ማወቅ አለባቸው። ደወል ከተደወለ በኋላ ግን አንዲት የአገራችን ልጅ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። እዚሁ ካኩማ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት።

«ቲቸር፣ የእኛ አገር በረዶ የለውም አይደል?» አለችኝ።

«አለው እንጂ!» አልኳት።

«እርስዎ አይተውታል?»

«በእግሬ ረግጬዋለሁ።»

አላመነችኝም። ለአክብሮት ያህል ፈገግ ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ይህች ልጅ ስለ በረዶ የጠየቀችው እንዲያው በከንቱ አይደለም። ቤተሰቧ የአሜሪካ ጉዳያቸው አልቆ የበረራ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። የሚሄዱበት አገር ብርድ ነው ሲባል እናቷ ከሚቱምባ ገበያ ወፍራም ቀይ ካፖርት ገዛችላት። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ ሲያግድ ግን የእነሱም በረራ ከብዙዎች ጋር ተሰረዘ። ሻንጣው እንደታሰረ፣ ካፖርቱም ሻንጣው ውስጥ እንደታጠፈ ቀረ። በየሰፈራችን እንዲህ ያለ ሻንጣ ስንት ቤት እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለዚያች ልጅ መልስ ይሁን ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እግረ መንገዱንም ለእኛ ለትልልቆቹ።

ክረምት ሲባል የቱ ክረምት?

መጀመሪያ አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ፤ አስተማሪ ነኝና ታገሡኝ። ወደ ውጭ ለሚሄዱ ሰዎች በሚሰጠው ኦረንቴሽን ላይ «ዊንተር» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «ክረምት» ተብሎ ይተረጎማል። እናቶቻችን ደግሞ ክረምት ሲባሉ የሚታያቸው ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ጎርፍ፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው። የፈረንጆቹ ዊንተር ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ድፍን በጋ፣ የገናና የጥምቀት ወራት ማለት ነው። ስለዚህ ወደዚያ የምትሄዱ ሰዎች፣ ክረምት ሲሏችሁ ጃንጥላ ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

«በረዶ» የሚለው ቃላችንም አንድ ሆኖ ሳለ ብዙ ሥራ አለበት። ከሰማይ እንደ ጠጠር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋውም ውሃ በረዶ ነው፤ እንደ ተነደፈ ባዘቶ ቀስ እያለ የሚወርደውም በረዶ ነው። ሌሊት ሣሩ ላይ አድሮ ጠዋት የሚያበራው ደግሞ ውርጭ ወይም አመዳይ ይባላል። እኔ የማወራችሁ ስለ ባዘቶው ነው።

ይህ ዓይነቱ በረዶ በአገራችን በጣም ከፍ ባሉት ተራሮች ላይ፣ በተለይም በስሜን፣ አልፎ አልፎ ይወርዳል። እንደ ኬንያ ተራራ አናት ዓመቱን ሙሉ አይቆይም። ወርዶ ይቆይና ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ይሆናል። ይህ ደግሞ አዲስ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የሚባል ተጓዥ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ በግሪክኛ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ጽሑፉ አንድ የአክሱም ንጉሥ ድል ያደረጋቸውን ሕዝቦች የሚዘረዝር ነው። ከእነዚህም መካከል የስሜንን ሰዎች ያነሳል። አገራቸው ለመውጣት የሚያስቸግር ተራራ፣ ብርድና ውርጭ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለበት መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ የእኛ በረዶ ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት በድንጋይ ላይ ተጽፎ ይነበብ ነበር ማለት ነው።

ከጎንደር እስከ ጨነቅ

ጊዜው መስከረም 1995 ዓ.ም. ነበር። ጎንደር ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ፣ ዕጣ ስናወጣ ጃናሞራ ወረዳ ደረሰኝ። ዕድሜዬ 20 ዓመት ነው። እናቴ «ጃናሞራ ደግሞ የት ነው?» ብትል፣ አባቴ «ከሰማይ በታች፣ ግን ብዙም በታች አይደለም» አላት። እሷ አለቀሰች፤ እኔ ሳቅኩ። የመንግሥት ደሞዝተኛ ልሆን ነው፤ ምን ያስለቅሰኛል!

ከእኔ ጋር ሁለት ወንዶች ልጆች እዚያው ወረዳ ተመድበው ነበር። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ሄድን። ከደባርቅ ጨውና ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣን። መንገዱ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ግን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ሳንቃበርን ስናልፍ ጭላዳዎቹን አየናቸው። በመቶ የሚቆጠሩ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያላቸው፣ እንደ አረም ነቃዮች ቁጢጥ ብለው ሣር ይለቅማሉ። ከመንገዱ በስተግራ ገደል ነው። ገደል ስላችሁ ላጋ ዳር ያለውን ዓይነት አይደለም፤ ታች ያለው አገር እንደ ካርታ የሚታይበት ገደል። ሹፌሩ በዚያ ጭቃ ላይ መኪናውን ሲያንሸራትተው አንደኛው ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ ሌላኛው ስንት ሜትር እንደሚሆን ይገምታል።

ጨነቅ የሚባለው ቦታ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ከፍታው 3,620 ሜትር ገደማ ነው። «ከዚህ ወዲያ ላይ ጭቃው አይታለፍም፤ መቼ እንደሚደርቅም እግዜር ያውቃል» አለ ሹፌሩ። ሥራ መጀመሪያችን ቀን ደግሞ ደርሷል። በዚያ ሌሊት ከአንድ ጎጆ ጥግ፣ ሦስታችን በሁለት ጋቢ ተጠቅልለን፣ ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ አደርን። ጨነቅ የሚለው ስም ለምን እንደወጣለት ያን ሌሊት የገባኝ መሰለኝ።

ዝናቡ ድምፁ ሲጠፋ

ጠዋት አንድ ሽማግሌ ገበሬ በቅሏቸውን እየሳቡ መጡ። ደባርቅ ገበያ ውለው ወደ ጃናሞራ የሚመለሱ ናቸው። ባና ደርበዋል፣ የበግ ፀጉር ቆብ አድርገዋል፣ እግራቸው ላይ በረባሶ ብቻ ነው ያለው። እኔ ደግሞ የሸራ ጫማ፣ አንድ ሹራብና ነጠላ። አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ልጄ፣ ሠርግ ነው የምትሄጅው?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ ለማስተማር ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ተማሪ» አሉና ከመንገዱ ዳር ጓሳ አጭደው ጫማዬ ውስጥ ጎሰጎሱልኝ። ካልሲዬንም አስወልቀው ደረቅ ካልሲ አስቀየሩኝ። ሻንጣዎቻችንን በቅሎዋ ላይ ጫኑልን። ጉዞ ተጀመረ።

ከጨነቅ እስከ ቧሂት ማለፊያ ወደ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። የተራራው ጫፍ ራሱ 4,430 ሜትር ሲሆን፣ መንገዱ ከጫፉ ዝቅ ብሎ 4,200 ሜትር አካባቢ ያልፋል። ለልጆቻችሁ አንድ ሒሳብ ልስጣቸው፦ 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ካኩማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 600 ሜትር ነው። ታዲያ እዚህ 36 ዲግሪ በሆነ ሰዓት፣ በዚያው ቀን ቧሂት ማለፊያ ላይ ስንት ይሆናል? ሠርታችሁ ድረሱበት። ያ ደግሞ የቀኑ ነው፤ ሌሊቱና ደመናው ሲጨመርበት ዜሮ ሩቅ አይደለም።

ስንነሳ ዝናብ ነበር። ልብስ የሚያበሰብስ፣ በጎን የሚመጣ ውሽንፍር። እኔ አሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፤ ትንፋሼ አልበቃ አለኝ፤ ራሴንም ያመኛል። ሽማግሌው ግን እንደሚያርስ በሬ እኩል እርምጃ ይሄዳሉ። «አትሩጪ፣ አትቁሚም» ይሉኛል። አስታው እያነሰ ሄደና ከነአካቴው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ጓሳና ጅባራ ብቻ ነው። ጅባራን ያላያችሁት ካላችሁ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አናቱ ላይ ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ የዘረጋ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። በጉም ውስጥ ሲታይ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይመስላል። እኔማ ለአንዱ «እንደምን አደሩ» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ የሆነ ነገር እንደተለወጠ ታወቀኝ። ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ዝናቡ ድምፁ ጠፍቷል። ቀና ስል ከሰማይ የሚወርድ ነገር አለ፤ ግን አይንጠባጠብም፣ አይመታም። ነጭ ነው፣ ቀላል ነው፣ ነፋሱ ወደ ጎን ይወስደዋል፣ ደግሞ ይመልሰዋል። እናቴ ጥጥ ስትነድፍ ቤቱ ውስጥ የሚበንነውን ብናኝ መሰለኝ። ነጠላዬ ላይ ሲያርፍ አየሁት፤ እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌ ላይ ሲነካኝ ወዲያው ውሃ ሆነ።

እኔ ያደግኩት የጎንደር በረዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ እየሰማሁ ነው። በረዶ ሲባል ጩኸት ነበር የማውቀው። ድምፅ የሌለው በረዶ እንዳለ በዚያ ቀን አወቅኩ።

ጥቂት ከፍ ስንል ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆነ። ድንጋዩም፣ ጓሳውም፣ የጅባራው ጃንጥላም። ስንረግጠው ጫማችን ሥር እንደ ደረቅ አሻቦ ይንኮሻኮሻል። ወንዶቹ ጓደኞቼ እንደ ሕፃን እየዘለሉ እያፈሱ ተወራወሩ። ሽማግሌው ዝም ብለው አዩአቸው። «ይበቃል፤ እጃችሁን ብብታችሁ ውስጥ አግቡ» አሉ በመጨረሻ።

ማለፊያና ማረፊያ

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ከተወራወሩት አንዱ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ በኮሌጅ ኳስ ተጫዋችነቱ የሚታወቅ ልጅ፣ ወደኋላ ቀረ። ዞር ስል አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «እናንተ ሂዱ፣ ትንሽ ላርፍና እደርስባችኋለሁ» አለ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ዓይኑ ይጨፈናል። እኔም እውነት ለመናገር አጠገቡ ልቀመጥ ነበር። እግሬ የእኔ መሆኑ አይሰማኝም። መቀመጥ በዚያ ሰዓት ከምግብም ከእሳትም በላይ ያምራል።

ሽማግሌው ተመለሱ። ብብቱ ሥር ይዘው ብድግ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይህ ማለፊያ እንጂ ማረፊያ አይደለም» አሉት።

ከዚያ ያደረጉትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አይዞህ፣ ደርሰናል» አላሉትም፤ አልደረስንማ። መንገዱ ቅርብ ነው ብለውም አላታለሉትም። ባናቸውን አውልቀው ለእሱ ደረቡለት። ከአገልግላቸው የበሶ ጭብጦ አውጥተው በግድ አጎረሱት። ከዚያም የበቅሎዋን ገመድ እጁ ላይ ጠመጠሙለት። «በል፣ በቅሎዬን አደራ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ደክሞኛል፤ አንተ ሳብልኝ» አሉት።

ደክሟቸው አልነበረም። እሱ ግን ገመዱን ያዘ። በቅሎዋ ስትሄድ እሱም ይሄዳል፤ እሷ ስትንሸራተት እሱ ይጠነቀቅላታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቅሎዋን ሲቆጣት ሰማሁት፤ ያኔ ሰው እንደሆነልን አወቅኩ።

ማለፊያው ላይ ስንደርስ ጉሙ ለአፍታ ተገለጠ። ከፊት ለፊት፣ ከመሸሃ ወንዝ ሸለቆ ማዶ፣ የራስ ደጀን ተራሮች ተደርድረው ታዩን። በእኛ ጊዜ መጽሐፉ ላይ ራስ ደጀን 4,620 ሜትር ነው ብለን ተምረናል፤ አሁን የሚሰጠው ልክ 4,550 ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ቀን ግን ልኩን ማን ያስታውሳል! ላዩ ነጭ፣ ታቹ ያልታጨደ ገብስ አረንጓዴ። ፀሐይዋ በረዶው ላይ ስታርፍ ዓይን ትወጋለች፤ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ሸፍኜ በቀዳዳው አየሁ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው አማተቡና «በሉ፣ አሁን ቁልቁል ነው» አሉ። እኛ ፎቶግራፍ የምናነሳበት ነገር አልነበረንም። ያየሁት ዓይኔ ላይ ብቻ ነው የቀረው።

ቁልቁሉን ስንወርድ በረዶው ወደ ጭቃ፣ ጭቃው ወደ ጅረት ተለወጠ። ማታ መንደር ገባን። የቤቲቱ እመቤት ለብ ያለ ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ። እኔ እሳቱ ላይ ልዘረጋው ስል እጄን ይዛ ከለከለችኝ። «የደነዘዘ እግር እሳት አይሰጠውም፤ ያቃጥልሻል አይሰማሽም» አለችኝ። እዚያ አካባቢ ሦስት ዓመት አስተማርኩ። ማለፊያውን ብዙ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። እንደዚያ ነጭ ሆኖ ያየሁት ግን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ቀዝቃዛ አገር ለምትሄዱ

ከዚያ ቀን የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ አንድ ቀን ይጠቅማችሁ ይሆናል። እርጥብ ልብስ ከስስ ልብስ ይብሳል፤ ካልሲ ከረጠበ ይቀየር። አንድ ወፍራም ከመልበስ ሁለት ሦስት ስስ መደራረብ ይሞቃል፤ የጓሳው ምሥጢርም ይኸው ነው፣ አየር ይይዛል። ባዶ ሆድ አይኬድም። የደነዘዘ እጅና እግር በለብታ እንጂ በእሳት አይሞቅም። ልጅ በብርድ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ አፉ ከተያያዘ፣ ደክሞት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ሙቀት አስገቡት፣ ሐኪም ጥሩ። ከሁሉም በላይ ብቻችሁን አትሂዱ።

ገመዱን ያዝ

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ካኩማ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ለጊዜው ነው ተብሎ የተከፈተ ቦታ ይኸው ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። እኔም ለጥቂት ወራት ብዬ መጥቼ ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። ማለፊያው ማረፊያ ሆነብን። ያውም በእኛ ፈቃድ አይደለም፤ መንገዱን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሌሎች ናቸው። «ተስፋ አትቁረጡ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ በረራው የተሰረዘበትን አባት ፊት ለፊት እያዩ ግን አፍ አይደፍርም። እኔም አልልም።

ግን ያ ሽማግሌ ለጓደኛዬ ምክር አልሰጡትም፤ ገመድ ነው የሰጡት። ስለዚህ በዚህ ሰፈር የተቀመጠ ሰው ባየሁ ቁጥር ስለዚያ ገመድ አስባለሁ። የጎረቤት ልጅ ማስጠናት ገመድ ነው። ከቧንቧው ለአንዲት አሮጊት አንድ ጀሪካን ቀድቶ ማድረስ ገመድ ነው። ለልጅ ስለ አገሩ እውነቱን መንገርም ገመድ ነው። ከመካከላችን ከአርሲ፣ ከጋሞ፣ ከወሎ፣ ከኦጋዴን የመጣ አለ። እያንዳንዱ አንድ ያየው ነገር አለው። ልጆቻችን አያምኑን ይሆናል፤ እኛ ካልነገርናቸው ግን የሚነግራቸው የለም።

ባለፈው እሑድ ወደዚያች ተማሪዬ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ይህን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። እናቷ ስትሰማ ቆየችና ድንገት ተነስታ ሻንጣውን ፈታችው፤ ቀዩን ካፖርት አወጣች። ልጅቱ ለበሰችው። እጅጌው ከክርኗ ትንሽ ነው ያለፈው፤ አድጋለች። ሁላችንም ዝም አልን። እናቷ ካፖርቱን አውልቃ ትንሹን ወንድሟን ጠራችው። ጉልበቱ ድረስ ወረደለት። በዚያ ሙቀት ላብ እያሰመጠው አላወልቅም ብሎ በግቢው ዞረበት፤ እኛም ሳቅን። እናቷም ሳቀች፤ ከጥር ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ልጅቱ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችኝ።

«ቲቸር፣ ያ በረዶ እውነት ድምፅ የለውም?» አለችኝ።

«የለውም» አልኳት።

ጥቂት ዝም ብላ እንደሚያዳምጥ ሰው ቆመች። ይህኛውን አመነችኝ መሰለኝ።

ቸር እንሰንብት።